የሚርዛፑሯ ናዚራን

ጋሪው የፓሬልን ድልድይ ሲወርድ የፈረሱ ኮቴ አንዴ ተንሸራተተና ፊዳ ሚያን ሳራንጊውን ደረቱ ላይ ለጠፈው። መንኮራኩሩ ድንጋይ በመታ ቁጥር በመሣሪያው ላይ የተወጠሩት ሠላሳ ምናምን ክሮች በጨርቅ ተጠቅልለው ሳሉም ያቃስታሉ። ፊዳ ይህን ሲቃ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዛሬ ግን እሱን የሚከስ መሰለው።

አጠገቡ የተቀመጠችው ናዚራን ባይ ንቅንቅ አላለችም። እንዴትስ ትነቃነቅ? የለበሰችው ቀሚስ ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ መስፍን ልጅ ሠርግ ላይ ዘፍና የተሸለመችው ነው፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ሁለት ሴቶች ካልተጋገዙ ከሣጥን የማይወጣ። ጣቶቿ ላይ ስምንት ቀለበት፣ አፍንጫዋ ላይ የዕንቁ ሎቲ። የሃምሳ አራት ዓመት ሴት እንዲህ ለብሳ በጠራራ ፀሐይ ቦምቤይን ስታቋርጥ የትራም ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ያዞራል።

«አንተ ባለ ጋሪ» አለች፣ «ይኼ ፈረስ ታሟል ወይስ ተኝቷል?»

«ፈረሱስ ደህና ነው፣ ባይጂ። የከበደው ወርቁ ነው» አላት ባለ ጋሪው፣ ታላቅ ዘፋኝ በሚከበርበት ስም ጠርቶ።

ናዚራን ሳቀች። «ሰማኸው፣ ፊዳ? ይኼ እንኳ አይቶኛል። ዛሬ ደግሞ አገር ሙሉ ሊያየኝ ነው።»

ፊዳ ሚያን ወደ ባሕሩ በኩል ዞረ፤ ከዚያ ቦታ ባሕሩ አይታይም።

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት ነው የከረመችው። ባለፈው ዓመት ፊልሞች አፍ ካወጡ ወዲህ በኬኔዲ ድልድይ አጠገብ ያለው ሳሎኗ ሰው እየከዳው ነበር። መጀመሪያ የጥጥ ነጋዴዎቹ ቀሩ። ቀጥለው ጠበቆቹ። በመጨረሻ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም የተባሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቀሩ። ሁሉም ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ለውዝ እየቆረጠሙ፣ በአንድ ፊልም ሠላሳ ዘፈን ይሰማሉ። እሷ ግን አላኮረፈችም። ‹ሰው ወደ ሸራው ከሄደ እኛም ወደዚያው እንሄዳለን› ብላ ስትጠብቅ፣ ሐሙስ ዕለት ከቻንዳንባግ ስቱዲዮ መልእክተኛ መጣ።

ያ መልእክተኛ ሲወርድ ፊዳን ደረጃው ላይ ይዞ የነገረው ነገር አለ። «ባይጂ ሥዕሉ ላይ የሉም። ድምፃቸው ነው የሚፈለገው፤ ከንፈሩ የተዋናይቷ የካምሊኒ ነው። አንተ ንገራቸው፣ እኔ ጥፊያቸውን አልችለውም።» ፊዳ እሺ አለ። ዓርብ እነግራታለሁ አለ። ቅዳሜ ቀሚሱን አስወጥታ በረንዳው ላይ ስታናፍስ፣ ጎረቤቶቹን እየጠራች ስታሳይ አየና ምላሱ ታሰረ። ይኸው እሑድ ሆነ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልዋሻትም ነበር። ከኋላዋ በስተቀኝ እየተቀመጠ፣ ሳራንጊውን ጭኑ ላይ አቁሞ፣ የሄደችበትን ሁሉ በቀስቱ እየተከተለ ነው ዕድሜው ያለፈው። የሷን ድምፅ ከሷ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ያልነገራትም ስለዚሁ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የላይኛውን ድምፅ ስትነካ አንዲት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይሰማዋል። ገና ማንም አላወቀም። እሱ ቀስቱን እዚያ ላይ ጠበቅ እያደረገ ይሸፍንላታል። ሰው ሙሉውን የሰማ ይመስለዋል፤ ግማሹ ግን የሳራንጊው ነው። ድሮ በትልቅ ቀንድ ውስጥ እየጮኸች ያስቀረጸቻቸው የሸክላ ዘፈኖች እንደ ትንኝ ቀጭን ናቸው፤ እሷ አይደለችም እዚያ ያለችው። አሁን ግን የሰውን ትንፋሽ ሳይቀር የሚይዝ መሣሪያ መጥቷል። ስንጥቁ ሳይሰፋ ድምፅዋ እዚያ ውስጥ ይግባ እንጂ፣ በማንም ከንፈር ይግባ። ሐሙስ ማታ ያሰበው እንዲህ ነበር።

*

ቻንዳንባግ ስቱዲዮ ቀድሞ የማንጎ አጸድ ነበር፣ ከዳዳር ባቡር ሐዲድ አጠገብ። ድምፅ አልባ ፊልም ይሠራ በነበረበት ጊዜ እዚህ ግቢ የሚመጣ ሰው ገበያ የገባ ይመስለው ነበር ይባላል። አናጢዎች በአንድ ወገን ይመታሉ፣ በሌላው ወገን ዳይሬክተሩ በቆርቆሮ መለከት «አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ አሁን ቢላዋውን አንሺ» እያለ ይጮሃል፣ ተዋናዮቹም መካከል ላይ ይሳደባሉ። ማን ሊሰማቸው። ዛሬ ግን በሩ ላይ ዘበኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነው የተቀበላቸው። ሠራተኛው ሁሉ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፦ አንዱ ወንጭፍ ይዞ ቁራ ያባርራል፣ ሌላው ቀይ ጨርቅ ይዞ የባቡሩን መስመር ያያል። እሑድ የተመረጠው ባቡሩ ስለሚቀንስ ነው። እንዲያም ሆኖ ከሁለት ባቡር መካከል የሚገኘው ትልቁ ፋታ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነበር።

ዳይሬክተሩ ሆርሙስጂ፣ ከቲያትር የመጣ ወፍራም የፓርሲ ወገን ሰው፣ እጆቹን ዘርግቶ መጣ፤ ቀሚሱን ሲያይ እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

«ባይጂ፣ እንኳን ደህና መጡ። ምነው እንዲህ ተቸገሩ?»

«ምን ተቸገርኩ? እንግዳ ሲበዛ የሚለበስ ነው።» ዙሪያዋን ቃኘች። የጄሶ ቤተ መንግሥት፣ የጄሶ ፏፏቴ፣ ከላይ ሰገነት። ሰገነቱ ላይ የራሷን ቀሚስ የመሰለ፣ ግን በወርቅ ወረቀት የተለጠፈ ልብስ የለበሰች ቀጭን ልጅ ቆማ መስተዋት ታያለች። «ያቺ ማናት?»

«ካምሊኒ ናት።»

«መሆኗንማ አውቃለሁ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ፈረስ ጋልባ ተለጥፋለች። እዚያ ምን ትሠራለች?»

ሆርሙስጂ ፊዳን አየው። ፊዳ ጫማውን አየ።

«አልነገሩዎትም?» አለ ሆርሙስጂ። «እሷ... ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እርስዎ ከዚህ ሆነው ይዘፍናሉ።» ወደ ፏፏቴው ጀርባ አመለከተ። ከሰገነቱ ሥር ሰው ቆሞ የሚውጥ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ውስጡ ሰሌን ተነጥፏል። ታብላ የሚባሉትን ጥንድ ከበሮዎች የሚመታው ቻጁ ቀድሞ ገብቶ ኖሮ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሰላም፣ ባይጂ» አላት። «ይግቡ፣ መቃብሩ ሰፊ ነው።»

ናዚራን ለረጅም ጊዜ ጉድጓዱን ተመለከተች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ዞር ሳትል፣ «ፊዳ» አለች፣ «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ባይጂ።»

«ከመቼ?»

«ከሐሙስ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሩዜን እየበላህ።»

«አዎ።»

«ቀሚሱን ስታጥፍልኝ፣ ይኼን ሎቲ ስትወለውልልኝ።»

«አዎ፣ ባይጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጥፊው እዚያው ያርፍበት ነበር። እሷ ግን በክርኑ ይዛ ወደ ጄሶው ምሰሶ ጥግ ወሰደችው። «ለምን?»

ፊዳ በእጁ ወደ ላይ፣ ከፍ ያለ ነገር እንደሚያሳይ ሰው፣ አመለከተ። «ከክረምት ወዲህ...» አለ። «ላይኛው...»

ዓይኖቿ ጠበቡ። «ሰምተኸዋል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ። ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም። እሸፍነዋለሁ እኮ።»

«መሸፈንህን አውቃለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።» የሻርፗን ጫፍ ይዛ ቆየች። ጣሪያው ላይ ወንጭፉ ጧ አለ፣ ቁራዎቹ ተነሡ። «ስለዚህ ድምፄን በሣጥን ልታስቀምጥልኝ ፈለግህ። በሰው ሣጥን።»

ወደ ሆርሙስጂ ተመለሰች። «ስሜስ? የት ይጻፋል?»

«ስም?» አለ ሆርሙስጂ። «ባይጂ፣ ቁም ነገሩ እኮ ይኸው ነው። ሕዝቡ ካምሊኒ የዘፈነች ይመስለዋል። እንዲመስለውም ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከባቡር ላይ ስትዘል፣ በሰይፍ ስትዋጋ ወዷታል። አሁን አፏን ብትከፍት ምን እንደሚወጣ ያውቃሉ? በቤቷ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው፤ ከኛ ቋንቋ የምትችለው ሎሌ የሚታዘዝበትን ብቻ ነው። ውሃ አምጣ፣ ጋሪ ጥራ፣ ውጣ። በዚህ ልዕልት መሆን ይቻላል? ፊልሙ ደግሞ ለዲዋሊ በዓል አዳራሽ ተይዞለታል። ሦስት ሳምንት ነው የቀረን።»

«እዘፍናለሁ» አለች ናዚራን። ፊዳ ቀና አለ። «ጉድጓድ ግን አልገባም። ሳራንጊና ታብላ ከሰው እግር ሥር አይቀመጡም። እናቴም አላስቀመጠችም፣ አስተማሪዬም። ያቺ ልጅ በላዬ ላይ እየተረማመደች አልዘፍንም።»

«ማይክሮፎኑ እዚያ ነው የተሰቀለው።»

«ይነሣና ሌላ ቦታ ይሰቀላ። እግር የለውም እንዴ?»

ሆርሙስጂ ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞረ። ድሮ ቢሆን ማንንም አይጠይቅም ነበር። አሁን ግን በስቱዲዮው ትልቁ ሰው ኒሮድ ባቡ ነው፤ የሃያ ስድስት ዓመት ቤንጋሊ፣ ጆሮው ላይ ሁለት ጥቁር ማዳመጫ የደፋ። እሱ እጁን ካነሣ ዳይሬክተሩም ይቆማል። ኒሮድ ባቡ ወደ ላይ ተመለከተና «ሰገነቱ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ» አለ። «እንዲያውም ይሻላል። ጉድጓዱ ድምፅ ያጉረመርማል ብዬ ነግሬህ ነበር።»

«ሰማህ?» አለች ናዚራን። «ጉድጓዱም አልፈለገንም።»

ቻጁ ታብላዎቹን አቅፎ ወጣ።

*

ሰገነቱ ላይ፣ ከካምሊኒ ጀርባ አንድ ክንድ ተኩል ርቀት፣ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከሱ ጀርባ ተቀመጡ፦ ናዚራን መካከል፣ ፊዳ በቀኝ፣ ቻጁ በግራ። ማይክሮፎኑ በቀርከሃ ላይ ታስሮ ከራሳቸው በላይ ተንጠለጠለ። ፊት ለፊት ካሜራው፣ መንኮራኩሩ እንዳይሰማ፣ ስድስት ብርድ ልብስ በተደራረበበት የእንጨት ቤት ውስጥ ተቆልፏል። ካሜራ አንሺውም አብሮት ተቆልፏል፤ ከቅድም ጀምሮ ሁለት ጊዜ በውሃ አርሰውታል።

ዘፈኑ ዝናብ ውስጥ የቆመች ሴት ዘፈን ነው፣ አራት ደቂቃ። አንድ ጥቅል ፊልምም የሚበቃው ለአራት ደቂቃ ነው። የቀረው ሁለት ጥቅል ብቻ ነበር። ሌላ የሚያመጣው መርከብ ገና ኤደን ወደብ ነው።

ከጣሪያው ቀዩ ጨርቅ ወረደ። ባቡሩ አለፈ ማለት ነው። ኒሮድ ባቡ እጁን ጣለ።

ናዚራን ዘፈነች። ፊዳ ከመጋረጃው ሌላ ምንም አላየም፤ ማየትም አላስፈለገውም። ወደ ላይኛው ድምፅ ስትቃረብ ቀስቱን ጠበቅ አደረገ፣ ስንጥቁ ላይ ተኛበት፣ አለፈ። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ደረሱ፦

ደመናው ወረደ፣ መንገዱም ጠፋብኝ፣
ደጅህ ላይ የቆምሁት አንዲት ምስኪን ነኝ።

ታብላው ዘጋ። ጸጥታ። ካሜራው ገና እየዞረ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ናዚራን፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ በንግግር ድምፅ፣ «እኔ የሚርዛፑሯ ናዚራን ነኝ» አለች።

ሰገነቱ ላይ ካምሊኒ አፏን ገጥማ ቆማ ነበር።

ሆርሙስጂ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። «ምንድን ነው ይኼ? ምን ሆንሽ? አንድ ጥቅል ፊልም አቃጠልሽብኝ እኮ።»

ናዚራን ራሷም ደንግጣ ነበር። ቀለበቶቿን አፏ ላይ አድርጋለች። «ልማድ ነው» አለች። «ሸክላ ስናስቀርጽ እንዲህ ነበር። ሸክላው ባሕር ማዶ ሄዶ ነው የሚታተመው። እዚያ ቋንቋችንን የሚያውቅ የለም፤ የማን ዘፈን እንደሆነ እንዳይጠፋባቸው መጨረሻ ላይ ስማችሁን ተናገሩ ይሉን ነበር። ስልሳ ሸክላ ላይ ተናግሬያለሁ። አፌ በራሱ አለው።»

ከታች ከሠራተኞቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የሆርሙስጂ አንገት ቀላ። «ይኼ ሸክላ አይደለም። አንቺን የጠየቀሽ የለም። ዘፍኚ፣ ዝም በይ፣ ሂጂ። ስምሽን ማንም አይፈልገውም።»

ሳቁ ቆመ። ናዚራን እጇን ከአፏ አወረደች።

«ቅድም ‹እርስዎ› ነበርኩ» አለችው።

ሆርሙስጂ ደረጃውን ወረደ። ጣሪያው ላይ ቀዩ ጨርቅ ተነሣ፤ ባቡር እየመጣ ነው። ሁለት ባቡር ተከታትሎ ያልፋል፤ ከዚያ ዘጠኙ ደቂቃ ይመጣል፣ የቀኑ የመጨረሻ ፋታ። ፊዳ ክሮቹን ማስተካከል ጀመረ። ከጎኑ የነበረችውን ሴት ያውቃታል፤ ቅድም በስሕተት የወጣ ነገር አሁን ሆን ተብሎ እየተሠራ እንደሆነ ከአተነፋፈሷ ገባው።

መጋረጃው ተገለጠና ካምሊኒ ገባች። በቅርብ ስትታይ ሕፃን ናት፤ ዓይኗ ዙሪያ የተቀባችው ኩል በላብ ወርዷል። ብርጭቆ ይዛለች።

«ባይጂ፣ ውሃ አምጪ» አለች። ወዲያው ጭንቅላቷን መታች። «አይደለም። ውሃ አመጣሁ። ይቅርታ፣ እኔ ቋንቋ በትእዛዝ ነው የማውቀው።»

ናዚራን ሳታስበው ፈገግ አለች። ውሃውን ተቀበለች። ከታች የመጀመሪያው ባቡር እየነጎደ አለፈ፤ የጄሶው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። ካምሊኒ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ምናልባት አባቴ ነው» አለች፣ ቃል በቃል እየፈለገች። «ባቡር ነጂ ነው። ስንት ጊዜ ሥራችንን አበላሽቷል መሰላችሁ።» ከዚያ ጎንበስ አለች። «መጨረሻው መስመር ላይ ከንፈሬ ይሳሳታል። አንድ ጊዜ ይበሉልኝ፣ ልያዘው።»

ናዚራን ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖረች። ልጅቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ ወረቀት ቀሚሷ ዳር አየቻት። ከዚያ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጠች፣ እንዲህ አለች፦

ደመናው ወረደ፣ መንገዱም ጠፋብኝ፣
ደጅህ ላይ የቆምሁት እኔ ናዚራን ነኝ።

ቻጁ ታብላው ላይ የነበረው እጁ ቆመ። የፊዳ ቀስት ከጭኑ ላይ ተንሸራተተ። ባለቅኔዎች በመጨረሻው ስንኝ ስማቸውን እንደሚያስገቡ ያውቃል፤ አገር የሚያውቀው ወግ ነው። ዘፋኝ ግን፣ ያውም ከመጋረጃ ጀርባ ያለች፣ እንዲህ ስታደርግ ሰምቶ አያውቅም።

ካምሊኒ ግንባሯን ቋጠረች። «ቅድም ‹ምስኪን› ነበር።»

«ነበር።»

«አሁን የእርስዎ ስም ነው።»

«አዎ። አልፈልግም ካልሽ እዚያ ስትደርሺ አፍሽን ግጠሚ። እኔ ግን እለዋለሁ።»

«ሆርሙስጂ ይገድለኛል» አለች ካምሊኒ። መጋረጃውን በጣቷ ከፍታ ወደ ታች አየችና መልሳ ዘጋችው። «የኔን ስም ያውቁታል?»

«ካምሊኒ።»

«ዶሪን። የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት። አሥራ አንድ ፊልም ሠርቻለሁ፣ አንዱም ላይ የለም።» ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ያለ ድምፅ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፦ እኔ ናዚራን ነኝ። እንደገና። ሦስተኛው ላይ ናዚራን አገጯን ይዛ «አፍሽን ክፈቺው» አለቻት፣ «ስሙን አታኝኪው። ልቀቂው።»

ልጅቷ ስትወጣ ፊዳ ሚያን ተንበረከከ። «ባይጂ፣ ይኼን ቢያውቁ ፊልሙን ይጥሉታል። ድምፅዎ ይጠፋል። እኔ ሦስት ቀን የዋሸሁት እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«ስም ከሌለው የማን ድምፅ ነው፣ ፊዳ? የዚያ የወረቀት ቀሚስ ድምፅ ነው?» ሎቲዋን አስተካከለች። «የሚጠፋ ከሆነ የኔ ሆኖ ይጥፋ።»

ሁለተኛው ባቡር እየቀረበ ነበር። ጆሮው ድረስ ተጠግታ ተናገረች።

«ስሜ ላይ ስደርስ አትሸፍነኝ።»

«መስመሩ እኮ ላይኛው ድምፅ ላይ ነው።»

«እኔ ነኝ እዚያ የወሰድኩት፣ አውቃለሁ።»

«ቢሰነጠቅስ?»

«ይሰንጠቅ። ስንጥቁም የኔ ነው።»

*

ቀዩ ጨርቅ ወረደ። ኒሮድ ባቡ እጁን ጣለ።

ቀለል አድርጋ ጀመረች፣ ቤቷ ውስጥ እያንጎራጎረች እንዳለች ሴት። ፊዳ ተከተላት። በመጀመሪያው ደቂቃ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሆርሙስጂ ማሰብ ተወ። እሷ አንድ ቃል ይዛ ስታሽከረክረው፣ ስታዘገየው፣ ወድቆ ይሰበራል ሲባል ከመሬት በላይ ስትቀልበው፣ እንደ ወጣትነቱ ዘመን ግንባሩ ላይ ላብ ፈሰሰ። ከመጋረጃው ወዲያ የልጅቷ ጥላ ይወዛወዛል።

ደመናው ወረደ። ቻጁ ታብላውን አቀዘቀዘ። መንገዱም ጠፋብኝ።

እዚህ ላይ ቀስቱ በልማድ ሊጠብቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እጁን ያስተማረው እሱን ነው። እጁ ሄደ፤ ፊዳ መለሰው፣ ቀስቱን ከክሩ ላይ አነሣው። ናዚራን ብቻዋን ወጣች። ላይኛው ድምፅ ላይ፣ ስሟ ላይ፣ ስንጥቁ ተሰማ። ፀጉር አይደለም፣ አሁን በር ነው፤ ውስጡ ሃምሳ አራት ዓመት ይታያል። እሷም አልሸሸችም። ቆመችበት፣ አስረዘመችው፣ እኔ ናዚራን ነኝ፣ ከዚያ በራሷ ጊዜ ወረደች። ፊዳ ከታች ተቀበላት።

ጸጥታ ሆነ። ኒሮድ ባቡ አሥር ድረስ ቆጥሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ለኔ ደህና ነው» አለ።

ሆርሙስጂ እጆቹን አጨበጨበ። «ከንፈሯን አያችሁ? ፍጹም ነው። አንድ ቃል አልሳተችም። ካምሊኒ፣ ዛሬ ተዋናይ ሆንሽ።» ከዚያ እጆቹ እንደተገጣጠሙ ቀሩ። የቲያትር ሰው ነው፤ ግጥም ዘግይቶ ቢገባውም ይገባዋል። ከንፈሯ የተናገረውን በልቡ ደገመው። «ምንድን ነው ያለችው?»

«‹እኔ ናዚራን ነኝ›» አለ ኒሮድ ባቡ።

«ቁረጠው።»

«አይቻልም።»

«ሌላ ፊልም ስቆርጥ ኖሬያለሁ እኮ።»

«ያ ድዳ ነበር። አሁን ድምፁና ምስሉ አንድ ፊልም ላይ ጎን ለጎን ነው ያሉት። ያንን መስመር ካወጣህ ልዕልቲቱ አፏን ከፍታ ትቀራለች፣ ዘፈኑም መንገድ ላይ ይበጠሳል።» ማዳመጫውን በክንዱ ላይ ጠቀለለ። «ይሄን ትተህ ቅድም የተነሣውን ብትወስድ ደግሞ መጨረሻው መስመር ላይ የልጅቷ ከንፈር ስቷል፤ ከዚያም አፏን ገጥማ ትናገራለች። ምረጥ።»

ሆርሙስጂ ወደ ላይ ተመለከተ። መጋረጃው ተገልጦ ነበር። ናዚራን ባይ በወርቅ ቀሚሷ ሰገነቱ ጫፍ ላይ ቆማለች፣ ካምሊኒም አጠገቧ። ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ካሜራ አንሺው ከብርድ ልብሱ ቤት ወጥቶ መሬት ላይ ተዘርሮ ይስቅ ነበር። ከሠራተኞቹ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ሁሉም እሱን ሳይሆን እሷን ያያሉ። ሆርሙስጂ አፉን ገጠመ፤ ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

ናዚራን ደረጃውን ወረደች። የጀርባው መውጫ ቅርብ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ፊት ለፊቱ፣ በመብራቶቹ መካከል፣ ቀሚሷን መሬት እያስጎተተች መጣች። ፊዳ ሳራንጊውን ይዞ በቀኟ፣ አንድ እርምጃ ከኋላ ተከተለ። ሆርሙስጂ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ባይጂ» አለ ሆርሙስጂ፣ ሳይነሣ። ድምፁ ደክሞታል። «ምን እንዳደረጉብኝ ያውቃሉ? በዲዋሊ ሰዉ ከአዳራሹ ሲወጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ናዚራን ማናት ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔ ምን ብዬ ልመልስ?»

«አንተ አትቸገር» አለችው። «እኔ ነግሬያቸዋለሁ።»